ጠበል፣ ማተብ፣ ጠበል ጠዲቅ፦ ከጎንደር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጎንደር አርባ አራቱ ታቦት የሚባልላት ከተማ ናት። የትም ሰፈር ብትኖሩ የአንዱ ቅዳሴ ይሰማችኋል። ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ወጥተው ቤታችን የሚገቡ ነገሮችም ብዙ ናቸው፦ በሃይላንድ የተሞላ ጠበል፣ በወረቀት የተጠቀለለ እምነት (የተባረከ አመድ)፣ አንገት ላይ የታሰረ ማተብ፣ የማኅበር ዳቦ። ስለነዚህ ሰው ደጋግሞ የሚጠይቀውን እዚህ ሰብስቤያለሁ። ካህን አይደለሁም። የነፍስ አባት የሚመልሰውን ለነፍስ አባት ትቼዋለሁ።

ማተቤ ተበጠሰ። መጥፎ ምልክት ነው?

አይደለም። ክር ነው፤ ላብ ይበላዋል፣ ያረጃል፣ ይበጠሳል። ሌላ ገዝታችሁ ለካህን አስባርኩና እሰሩ። በቃ።

ማተብ ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ክርስትና ስትነሳ አንገት ላይ የሚታሰር የክርስትና ምልክት ነው። ብዙ ጊዜ ሦስት ክር አንድ ላይ ይገመዳል፤ የሥላሴ ምሳሌ ነው ይባላል። ምልክትነቱ ደግሞ ለሌላው ሰው ብቻ አይደለም፤ ለባለቤቱም ነው። እኛ አገር ሰው ሲዋሽ ወይም አደራ ሲበላ «ማተብ የለህም ወይ?» የሚባለው ለዚህ ነው። አንገቱ ላይ ክር ያለው ሰው ሚዛን ሲያጭበረብር ከማየት፣ ክሩ ተበጥሶበት በቅን የሚነግድ ሰው ማየት ይሻለኛል።

ሕፃን ልጅ ካላችሁ አንድ ነገር ልጨምር። ማተቡን ረጅምና ጠንካራ አድርጋችሁ አንገቱ ላይ አትተዉት፤ ሲተኛ አንድ ነገር ላይ ሊያዝበት ይችላል። በቀላሉ የሚበጠስ ስስ ክር ይሻላል። ልጁ እስኪጠነክር አውልቆ ማስቀመጥም ኃጢአት አይሆንም።

ለኦፕራሲዮን ስገባ ማተቤንና መስቀሌን አውልቂ ተባልኩ። ምን ላድርግ?

አውልቂ። ብረት ያለበት መስቀል ለአንዳንድ ምርመራና ሕክምና አደገኛ ነው። ክሩም ቢሆን ለንጽሕናና ለመተንፈሻ መሣሪያው ሲባል እንዲወልቅ ይፈለጋል። አስታማሚ ያለው ሰው ለአስታማሚው ይሰጣል። እምነት አንገት ላይ ባለ ክር አይለካም። ፈቃደኛ የሆኑ ነርሶች ክሩን ብቻ እጅ ላይ እንድታስሪው ሊፈቅዱ ይችላሉ፤ በትሕትና ጠይቂ፣ እንቢ ካሉሽ ግን አትጨቃጨቂ።

ጠበል ቤት ውስጥ እንዴት ይቀመጣል? እንዴትስ ይጠጣል?

ጠበል ሁለት ዓይነት ነው። ከምድር የፈለቀ አለ፣ ካህን ጸሎት አድርሶ የባረከውም አለ። ሁለቱም በንጹሕ ዕቃ ይቀመጣሉ። መታጠቢያ ቤት ውስጥ ወይም እግር የሚረግጠው ወለል ላይ አይቀመጡም። ዕቃው በደንብ የታጠበ ይሁን፤ ዘይት ወይም ሳሙና የነበረበት ጀሪካን አይሆንም። የሚጠጣው ጠዋት፣ ምግብ ሳይቀመስ፣ አማትቦ «አባታችን ሆይ» ብሎ ነው። ብዙ መጠጣት ብዙ በረከት አያመጣም፤ ጥቂት ይበቃል።

ቅዳሴ ሲያልቅ የሚታደለውን የቅዳሴ ጠበል ከዚህ ጋር አታደባልቁት፤ እሱ እዚያው የሚጠጣ ነው።

አሁን ደስ የማይል ነገር። የምንጭ ጠበል የተቀደሰ ቢሆንም ያው ውኃ ነው፤ ሰው በብዛት ተሰብስቦ ሽንት ቤት በሌለበት ቦታ ውኃው ሊበከል ይችላል። በ2015 ዓ.ም. በቋራ በርሚል ጊዮርጊስ ጠበል ቦታ ኮሌራ ተነስቶ ነበር። ወደ በርሚልም ሆነ ወደ ሌላ ሰው የሚበዛበት ጠበል ስትሄዱ የእጅ ሳሙና ያዙ፣ የሚበላውን አብስላችሁ ብሉ። ተቅማጥና ትውከት የያዘው ሰው ካያችሁ ለጤና ባለሙያ ንገሩ። ይህን ማለት ጠበሉን መናቅ አይደለም። ጠበሉን የሚያከብር ሰው ዙሪያውን ያጸዳል።

ጠበል ስጀምር መድኃኒቴን ላቁም?

አታቁሙ። ይህን ጥያቄ ከሁሉም በላይ ማስረዘም እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ሰው የሚሞትበት ጥያቄ ነው።

አዲስ አበባ እንጦጦ ማርያም ጠበል ብዙ የኤችአይቪ ሕሙማን ተሰብስበው በነበረ ጊዜ አንዳንዱ «ጠበል ከጀመርኩ እምነቴን መድኃኒት ያጎድልብኛል» እያለ ክኒኑን ይጥል ነበር። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ በአደባባይ ወጥተው ጠበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታ መሆናቸውን፣ አንዱ ሌላውን እንደማይቃወም ተናገሩ። ከዚያ ወዲህ «ቤተ ክርስቲያን መድኃኒት ትከለክላለች» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ የራሱን ቃል ነው የሚነግራችሁ።

የሚከብደው ተግባሩ ነው። ጠበል በጾም ስለሆነ ከምግብ ጋር የሚወሰድ መድኃኒት ይጋጫል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ወደ ጠበል ከመሄዳችሁ በፊት ሐኪማችሁን «ሰዓቱን ወደ ማታ ማዞር እችላለሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። ለብዙ መድኃኒት ይቻላል። ለማይቻልበት ደግሞ ለአስጠማቂው አባት ንገሩ። ስኳር ያለበት ሰው፣ በተለይ ኢንሱሊን የሚወጋ፣ ሳይበላ ረጅም ሰዓት ተሰልፎ መቆም የለበትም። እርጉዝ ሴትም እንዲሁ። የሚጥል በሽታ ያለበትም ሰው ክኒኑን በድንገት ቢያቆም የባሰ ይጥለዋል። ያን ጊዜ ደግሞ «ርኩስ መንፈስ ያዘው» ተብሎ ይታሰራል። ይህን ያየ ሰው አይረሳውም።

የሚያስል ሰው የሳምባ ነቀርሳ ምርመራ አድርጎ ይሂድ። ብዙ ሰው ጠባብ ቦታ አብሮ የሚያድርበት ስፍራ ነውና።

«ሱባኤ ስንት ቀን ነው?» ለሚለው፦ ሰባት ቀን የተለመደ ነው፣ ብዙ ሰው ሁለት ሱባኤ ይይዛል። የነፍስ አባታችሁ ይወስኑ።

ጥምቀት ዕለት ፋሲል ጥምቀተ ባሕር መግባት ዳግመኛ መጠመቅ ነው?

አይደለም። ጥምቀት አንዲት ናት፤ በጸሎተ ሃይማኖት «በአንዲት ጥምቀት እናምናለን» የምንለው ለዚህ ነው። ጥር 11 የሚረጨን ጌታ በዮርዳኖስ የተጠመቀበትን የምናስብበት በረከት ነው። ክርስትና ያልተነሳ ሰው በዚያ ዕለት ረጭተውት ክርስቲያን አይሆንም፤ ክርስትና የተነሳ ሰውም ሁለት ጊዜ አይጠመቅም።

እንግዶች ስለሚጠይቁ ሥርዓቱን ባጭሩ ልንገራችሁ። ጥር 10 ከተራ ነው። ታቦታቱ በካህናት ራስ ላይ ሆነው፣ በመዘምራንና በእልልታ ታጅበው ወደ ፋሲል ይወርዳሉ። ገንዳው ከቀሃ ወንዝ በሚመጣ ውኃ አስቀድሞ ተሞልቷል። ሌሊቱን ሙሉ ማኅሌቱ ይቆማል። ሲነጋ ቅዳሴ ያልቃል፣ ውኃው ይባረካል፣ ለሕዝቡ ይረጫል። ከዚያ ነው ወጣቱ ወደ ገንዳው የሚዘለው። በግድግዳው ላይ የወጡት የዋርካ ሥሮች ድንጋዩን ጠምጥመውት ስታዩ ገንዳው ስንት ጥምቀት እንዳየ ይገባችኋል። ታቦታቱ በዕለቱ ይመለሳሉ፤ ቅዱስ ሚካኤል ግን በማግሥቱ ጥር 12 ነው የሚገባው።

መዝለሉ ሥርዓቱ ሳይሆን የወጣቱ ደስታ ነው። ዋና የማይችል አይዝለል። ጠዋቱም ይቀዘቅዛል፤ ልጅ ይዛችሁ ከሄዳችሁ ደረቅ ልብስ ያዙ። ጥምቀት በዩኔስኮ የተመዘገበው ታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ነው፤ በዚያው ዓመት ጥር 11 እዚያው ፋሲል የእንጨት መቀመጫ ተደርምሶ ሰው ሞቷል። ስለዚህ በጣም የተጨናነቀ መደብ ላይ ከመውጣት ራቅ ብላችሁ ቁሙ። ጠብታው ባይደርሳችሁም በረከቱ አይቀርባችሁም።

መንገድ ላይ ቄስ ሳገኝ መስቀል መሳለም አለብኝ? እንዴት ነው?

አለብኝ ከማለት እችላለሁ ማለት ይሻላል። ወንድ ኮፍያ ያወልቃል፣ ሴት ነጠላዋን ታስተካክላለች። ጎንበስ ብሎ «አባ ይፍቱኝ» ይባላል። እሳቸው መስቀሉን ግንባር ያስነካሉ፣ ከዚያ ተባራኪው ይሳለመዋል፤ «እግዚአብሔር ይፍታህ» ወይም «ይፍታሽ» ብለው ይመርቃሉ። አልቋል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቄሱ ሲቸኩሉ ወይም ስልክ ላይ ሲሆኑ እየሮጠ ማስቆሙ ላይ ነው። ዲያቆን በመስቀል አይባርክም፤ የሚባርከው ከቅስና ጀምሮ ያለው ነው።

ጧፍ ነው ሻማ የሚሻለው? ዕጣንስ ቤት ውስጥ ማጨስ ይቻላል?

የጥንቱ ከሰም የተሠራ ጧፍ ነው። አሁን የፓራፊን ሻማ ገበያውን ሞልቶታል። ጧፍ ካገኛችሁ ጧፍ፣ ካላገኛችሁ ያገኛችሁትን። ስዕለት የገባ ሰው ግን የተሳለውን ነው የሚያገባው፤ ጧፍ ብሎ ተስሎ ሻማ ማስገባት ትንሽ ያስተዛዝባል።

ዕጣኑ የኛው ነው፣ ከመተማና ከቋራ በኩል የሚመጣ። በቤተ ክርስቲያን የሚያጥነው ካህን ብቻ ነው፣ በጽና (በማጠኛው ዕቃ)። ቤት ውስጥ ለቡና የምናጨሰው መልካም ሽታ ነው፤ ማጠንት ግን አይደለም። ዕጣን አጭሳ ልጇን በጭሱ ውስጥ የምታሻግር እናት አያለሁ። ልጁ ሳል ካለው ጭሱን ተይው እላታለሁ።

ማኅበር ለመጠጣት ኑሮው ከበደኝ። መውጣት እችላለሁ?

ይህ ጥያቄ ከዓመት ዓመት እየበዛ ነው። ጤፉ፣ ጌሾው፣ ገብሱ፣ ዘይቱ፣ ሁሉም ወጥቷል። በኪራይ ቤት ያለ ሰው ደግሞ ጋን የሚጥልበት ጓሮ የለውም።

በመጀመሪያ፦ መውጣት ነውር አይደለም። ግን ከመውጣታችሁ በፊት ለማኅበርተኛው ንገሩ። አብዛኛው ማኅበር የጀመረው በሀብታሞች አልነበረም። በወሩ 12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ7 ሥላሴ እያሉ የተሰባሰቡት ጎረቤታሞች ናቸው፤ አንዱ ሲታመም የሚጠይቁ፣ ሲሞት የሚቀብሩ። ዳቦና ጠላው ለመሰብሰቢያ ነው። በእኔ እይታ ማኅበሩን የጎዳው ድህነት ሳይሆን ፉክክር ነው። ባለፈው ወር ያዘጋጀችው ዶሮ ሠራች፣ ስለዚህ የሚቀጥለው በግ። ይህ ከቅዱስ ሚካኤል ጋር ምንም አያገናኘውም።

አሁን አሁን «ዳቦና ቆሎ፣ በጠላ ፋንታ ሻይ» ብለው የወሰኑ ማኅበሮች አሉ። ጥሩ አደረጉ። ካህኑ ባርከው የሚቆርሱት አንድ ድፎ ዳቦ ይበቃል። ጽዋው ለሚቀጥለው ተረካቢ ይተላለፋል፤ የሚቀረው ቁራሽ ለታመመ፣ ለአራስ፣ መምጣት ላልቻለ ይላካል። ፍርፋሪው አይጣልም፤ የሚበላ ሰው ከጠፋ ለወፍ ይበተናል። ዕለቱ ረቡዕ ወይም ዓርብ ወይም ዐቢይ ጾም ላይ ከዋለ የሚቀርበው የጾም ነው፣ ሰዓቱም ይጠበቃል።

ተከራይ ከሆናችሁ ለአከራዩ አስቀድማችሁ ተናገሩ። ጥሪ አድርጉላቸው። ማኅበር የጠሩትን አከራይ በማግሥቱ ኪራይ ሲጨምር ያየሁት ግን አለ፤ ለዚያ መድኃኒት የለኝም።

ለሙስሊም ጎረቤቴ ጠበል ጠዲቅ መላክ ያስቀይማል?

የኛ ሰው አዲስ ዓለም ሰፈር ካሉ ሙስሊም ጎረቤቶቹ ጋር ዘመን ጠገብ ወዳጅነት አለው። በልማዳችን ሥጋና ጠላ አይላክም። ዳቦውንም ቢሆን የተዘከረበትን መብላት የማይፈልግ አለ፤ የዲኑ ጉዳይ ነው፤ አትጫኑ። ብልኅ እናቶች ካህኑ ከመባረካቸው በፊት አንድ ዳቦ ለይተው ያስቀምጣሉ፤ ያንን ነው የሚልኩት። ለዒድ ሲልኩላችሁም እንዲሁ የምትበሉትን ይልኩላችኋል።

የሆሳዕናውን ዘንባባና የቅዳሜውን ቄጠማ ምን ላድርገው?

ዘንባባው በመስቀልና በቀለበት መልክ ተሠርቶ ራስና ጣት ላይ ይታሰራል። ቄጠማው የቅዳሜ ስዑር ነው፤ ካህናቱ «ገብረ ሰላመ በመስቀሉ» እያሉ ያድሉታል፣ ሰው ራሱ ላይ ያስረዋል። ከደረቀ በኋላ ቆሻሻ ገንዳ አይጣል። ቤት ማስቀመጥ ይቻላል፤ ማቃጠል ወይም አትክልት ሥር መቅበርም ይቻላል።

ክታብ መያዝ ይቻላል? የደብተራ ጽሑፍስ?

ጎንደር ሲባል ይህ መነሳቱ አይቀርም። አስቀድሜ አንድ ነገር ላስተካክል፦ ደብተራ ማለት ጠንቋይ ማለት አይደለም። ደብተራ የዜማና የአቋቋም (በከበሮ፣ በጸናጽልና በመቋሚያ የሚቀርበው ዝማሬ) ሊቅ ነው። ጎንደር በዓታ የአቋቋም ምስክር የሚሰጥበት ቦታ ነው፤ ከየአገሩ ተማሪ ለዓመታት ቆሎ ለምኖ እየተማረ እዚያ ይመረቃል። የእነዚህን ሰዎች ስም በጥቂት መድኃኒት አድራጊ ማጉደፍ ግፍ ነው።

ክታቡን በተመለከተ ግን ቤተ ክርስቲያን አትደግፈውም። በቆዳ ተሰፍቶ አንገት ላይ የሚንጠለጠል፣ የማይታወቅ ስም የተጻፈበት፣ «እንዳትከፍተው» የሚባል ነገር ከማተብ ጋር አንድ አይደለም። እኔ የምለይበት መንገድ አለኝ። ጠበልና ማተብ በአደባባይ ናቸው፤ ሁሉም ሰው ያያቸዋል፤ ለበረከታቸው ዋጋ አይተመንም። የሚደበቅ፣ ዋጋ የሚቆረጥለት፣ ለጠላትህ መመለሻ ነው የሚባል ነገር ካለ ከዚህ ቤተሰብ አይደለም። በረከት ይለመናል እንጂ አይታዘዝም።

ሙዳየ ምጽዋት ውስጥ የምትጨምሩት ስጦታ ነው፤ ባዶ እጃችሁን ብትሄዱም ጠበሉ ያው ነው። በስልክ ጸልዬልሃለሁና በቴሌብር ላክ የሚል «አባት» ካጋጠማችሁ ስልኩን ዝጉት። «የተቀደሰ ዘይት» በቲክቶክ የሚሸጥም እንዲሁ። ቅብዓ ቅዱስ ከካህን እጅ፣ በጸሎት ይቀባል። ሜሮን ደግሞ ለክርስትና የሚያገለግል ስለሆነ ለቤት አይሰጥም።

ያረጀ ሥዕልና የተበጠሰ ማተብ የት ይጣላል?

አይጣልም፤ ይቃጠላል ወይም ወደ ቤተ ክርስቲያን ይመለሳል። አመዱ ሰው የማይረግጠው ቦታ ይቀበራል። ብዙ የሚያስቸግረው ሥዕሉ ሳይሆን የቀን መቁጠሪያው ነው። ዓመቱ ሲያልቅ የእመቤታችን ሥዕል ያለበት ወረቀት ቅዳሜ ገበያ በርበሬ ሲጠቀለልበት ይታያል። አታሚዎች ይህን ቢያስቡበት ደስ ይለኛል። እስከዚያው ሥዕሉን ቆርጣችሁ ለይታችሁ አስቀምጡ።

ባጃጄን ወይም ሱቄን ማስባረክ እችላለሁ?

ትችላላችሁ። ካህኑ ጸሎት አድርሰው ጠበል ይረጩላችኋል። ባጃጅ ላይ ግን ፍሬኑንም አስፈትሹ።

ውጭ አገር ላለች እህቴ ጠበልና እምነት ብልክላት ይደርሳል?

ይደርሳል፣ በአግባቡ ከታሸገ። በእጅ ሻንጣ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ፈሳሽ አውሮፕላን ውስጥ አይገባም፤ ስለዚህ በሚጫነው ሻንጣ ይሁን። ክዳኑን በፕላስተር ጠቅልሉት፣ በፌስታል ድርብ አድርጉት፤ ካልሆነ የሽሮና የበርበሬው ነገር ያበቃለታል። እምነቱን በጥቂቱ በንጹሕ ብልቃጥ አድርጋችሁ ምንነቱን በወረቀት ጻፉበት። ግራጫ ዱቄት ያለ ጽሑፍ ካገኙ ፈታሾች ይጠራጠራሉ፣ እንግዳችሁም ለማስረዳት ይቸገራል። ከቻላችሁ ደግሞ እህታችሁ በምትኖርበት ከተማ ያለውን ቤተ ክርስቲያን ጠይቁላት፤ የሚባርክላት ካህን እዚያም ሊኖር ይችላል፤ ጠበሉን ስትጨርስ ከጎንደር እስኪላክላት መጠበቅ የለባትም።